በመቀነቴ የታሰረው ብረት

መርፌዋ መስታወት ውስጥ ናት፤ እጄን አትነካኝም። ሆኖም ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኮምፓሷን ከሳጥኔ ግርጌ አውጥቼ መዳፌ ላይ ሳሳርፋት፣ የመርፌዋ መንቀጥቀጥ እስከ ክርኔ የዘለቀ መሰለኝ። ናሱ ጠቁሯል። አሸተትኩት። ላብ የነካው ሳንቲም ይሸታል፤ ከሥሩ ደግሞ የረጠበ ጓሳ። የሣር ሽታ ይህን ያህል ዘመን ናስ ላይ እንደማይቆይ አውቃለሁ። ግን ሸተተኝ።

ሳጥኑን የከፈትኩት በልጄ ምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። በማግሥቱ ከጓደኞቿ ጋር ጉና ተራራ ሊወጡ ተቀጣጥረዋል፤ ስልካቸውን አጥፍተው፣ በካርታና በኮምፓስ ብቻ። በእግር መጓዝ የሚወዱ ልጆች ተሰባስበው ማኅበር አላቸው፤ ስልክ አለመክፈት ደንባቸው ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ ከረቡዕ ጀምሮ ቦርሳዋን ሦስት ጊዜ ዘርግፌ ሦስት ጊዜ መልሼ አጥፌያለሁ። ካልሲው ይበቃል ወይ? የዝናብ ልብሱ ያስገባ ይሆን? በሶው ለሁለት ቀን ይደርሳል? እንዲህ ነኝ። ልጄ ትንሽ ሳለች አስፋልቱን ተሻግራ ከዓይኔ እስክትሰወር በር ላይ የምቆም፣ ከተሰወረችም በኋላ ጥቂት የምቆይ ሴት ነኝ። ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

«እማ፣ ኮምፓሳችን አንድ ብቻ ነው፤ ለስምንት ሰው» ስትል ነው ተነስቼ ወደ ሳጥኔ የሄድኩት።

ስሰጣት ኮምፓሷን አየች፣ እኔን አየች። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ስፌት እየሰፋች ልጅ ያሳደገች እናቷ ይህን ከየት አመጣችው? ቁጭ በይ አልኳት። ለእሷ የነገርኳትን ነው አሁን ለእናንተ የምነግራችሁ።

ያን ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከጉና በስተምዕራብ፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ቁልቁለት ላይ ነበር። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ትምህርቴን ትቼ ከእናቴ ጋር ስፌት እሰፋለሁ፤ ሣሩን እሷ ታዘጋጃለች፣ አለላውን እኔ ቀለም እነክራለሁ። እጆቼ ሁልጊዜ ቀይና ሐምራዊ ነበሩ።

መስከረም ካለፈ በኋላ አንድ ቀያሽ መጡ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከደቡብ አገር የመጡ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከእኛው ለስለስ ይላል፤ አንዳንድ ቃል ስንናገር አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እንደገና ይጠይቁ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን የእህል ክፍል ተከራዩ። ሥራቸው ከጉና ሥር ያሉትን ምንጮች አንድ በአንድ ካርታ ላይ ማስፈር ነበር፤ በኋላ ቧንቧ ሊዘረጋ ታስቧል። ካርታቸው ላይ ወንዙም ገደሉም ጫፉም አለ። ምንጭ ግን አንድም የለም።

መጀመሪያ ወንዶቹን ሰብስበው ጠየቁ። ወንዶቹ የእገሌ ድንበር፣ የእገሌ ግጦሽ እያሉ ተከራክረው ተበተኑ። የእናቴ የአክስት ልጅ፣ በቅሎውን ለቀያሹ ያከራየው፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። «ጋሼ፣ ውሃ ከፈለጉ ሴት ይጠይቁ» አላቸው። «እኛ የምናውቀው ጠላ የት እንዳለ ነው።»

እኔ ምንጮቹን ሁሉ አውቃቸው ነበር። እንስራ ያዘለች ልጅ የትኛው በሚያዝያ እንደሚደርቅ፣ የትኛው አልቅት እንዳለው፣ የትኛው በክረምት እንደሚደፈርስ ጀርባዋ ይነግራታል። እንዲህ ሆኖ ነው መንገድ መሪ የሆንኩት። እናቴ የተስማማችው በሁለት ነገር ነበር፤ የአክስቷ ልጅ ሁልጊዜ አብሮን ሊሆን፣ እኔም በየቀኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ልገባ። «አንድ ቀን ብታመሽ አበቃ» አለች። ለእኔ አይደለም የተናገረችው፣ ለቀያሹ ነው። «ያለኝ እሷ ናት፤ በቀን ይመልሱልኝ።»

«በቀን» አሉ እሳቸውም፣ እንደ ቃል ኪዳን።

ካርታ ማንበብ የተማርኩት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀያሹ ደጃፉ ላይ ቁርበት አንጥፈው ካርታውን ዘረጉ፤ ነፋስ እንዳይወስደው አራት ጠጠር አስቀመጡበት። ፀሐይዋ ወረቀቱ ላይ ወድቃ ያንን ሁሉ ቡናማ መስመር እንደ ፀጉር አስመሰለችው። ጣታቸውን አንዱ መስመር ላይ አድርገው፣ በዚህ መስመር የሚሄድ ሰው አይወጣም አይወርድም፣ ከፍታው እኩል ነው አሉኝ። አልገባኝም። ደግመው አስረዱኝ። አልገባኝም። ከዚያ ጭኔ ላይ የያዝኩትን አየሁ። የመሶብ ክዳን እየሰፋሁ ነበር። ክዳኑን አንስቼ ከበላዩ ቁልቁል ተመለከትኩት። ከጫፉ ጀምሮ እየሰፋ የሚወርደው ዙር፣ እያንዳንዱ ዙር በአንድ ከፍታ ላይ፣ ልክ እንደ ካርታው።

«ይሄ ጉና ነው» አልኩና ክዳኑን ካርታው ላይ ደፋሁት።

ቀያሹ ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ሳቁ። «እኔ ይህን ለመማር አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል» አሉ።

ክዳኑ ቀጥ ብሎ በሚወርድበት በኩል፣ ከላይ ሲያዩት ዙሮቹ የተጣበቁ ይመስላሉ፤ ዘርጠጥ በሚልበት በኩል ይራራቃሉ። ካርታውም እንዲሁ ነበር። መስመሮቹ ተጣብቀው ከታዩ ገደል ነው። ተራርቀው ከታዩ በቅሎ ይሄድበታል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ወረቀቱ ለእኔ ወረቀት መሆኑ ቀረ።

በዚያው ዕለት ኮምፓሷን አሳዩኝ። መርፌዋ ሁልጊዜ ሰሜንን እንደምታይ ሲነግሩኝ፣ በቀኝ እጄ የያዝኩት ወስፌ ወደ ኮምፓሷ ተጠጋ። መርፌዋ ሰሜኗን ትታ ወደ ወስፌዬ ዞረች። ደነገጥኩ።

«ብረት ትወዳለች» አሉ ቀያሹ። «ለዚህ ነው እሷን ስትይዢ ብረት የማታስጠጊው። ማጭድ፣ ቢላ፣ ወስፌ፣ መዶሻ፣ ሁሉንም ከበቅሎው ጭነት ላይ።» እኔም አልረሳሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ስወጣ ወስፌዬን ከሻሼ ላይ ነቅዬ በር ላይ እሰካ ነበር። የአክስቷን ልጅ ማጭድ ሳይቀር ቀምቼ በቅሎዋ ላይ አስር ነበር። «ይቺ ልጅ ጥርሴንም ታስወልቀኛለች» ይል ነበር፤ አንድ የብረት ጥርስ ነበረው።

እንዲህ እንዲህ እያልን አንድ ወር ሄድን። ኮምፓሷን በሁለት እጄ ይዤ እምብርቴ ላይ አስደግፋለሁ፤ እንዳትንቀጠቀጥ። መርፌዋ ስታርፍ ቀና ብዬ ፊት ለፊቴ አንድ ምልክት እመርጣለሁ፤ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ረጅም የጅብራ ተክል። እዚያ እስክደርስ መርፌዋን አላይም። ርቀቱን የምቆጥረው በገብስ ቆሎ ነበር። ቀኝ ኪሴ ውስጥ የተቆላ ገብስ እይዛለሁ፤ መቶ እርምጃ በሄድኩ ቁጥር አንዷን ፍሬ ወደ ግራ ኪሴ አዛውራለሁ። «እንዳትበያት፣ መንገዱ ያጥርብናል» ይለኝ ነበር ባለ በቅሎው።

እዚህ ላይ ስደርስ ልጄ ስትስቅ አየኋት። «እኛም እኮ እርምጃ እንቆጥራለን፤ ግን ዶቃ ነው የምንጠቀመው» አለች። ዶቃ አይበላም፤ ይሻላል አልኳት።

የመጨረሻዋ ምንጭ ከጫፉ ሥር ያለችው ነበረች። ሴቶች ወደ እሷ ብዙ አይወጡም፤ በቀትር የማይታይ ጌታ አላት ይባላል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ውሃ ዘንድ የሚሄድ ሰው ባዶውን አይሄድም፣ ብረት ይይዛል። አራስ ከራስጌዋ ቢላ የምታኖረው ለዚሁ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ቀያሹ በቅሎዋ እየተጫነች ሳለ ጠሩኝ።

«ዛሬ ስንመለስ እኔ መንገድ አላይም። ካርታውንም ኮምፓሱንም አንቺ ያዢና ምሪን። በደህና ካወረድሽን ባሕር ዳር ላለው መሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። ለረዳት ቀያሽነት የሚሠለጥኑ ሰዎች እየፈለጉ ነው።»

ባሕር ዳርን አይቼ አላውቅም ነበር። ልቤ ግን ወዲያውኑ እዚያ ደረሰ።

እናቴ ይህን ሰምታለች። ወደ ጓዳ ገብታ አንድ ነገር በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጣች። የአባቴ ማረሻ ስባሪ ነበር፤ ጣት የሚያህል፣ ጫፉ በአፈር ተበልቶ የለሰለሰ። «መጥፎ ሕልም አይቻለሁ» አለችኝ። «ይህ አፈር እንጂ ሌላ ነክቶ የማያውቅ ብረት ነው። አባትሽ ይጠብቅሽ።» መቀነቴን ፈታች፤ ብረቱን ውስጡ አድርጋ፣ ሁለቴ አዙራ፣ ቋጠሮውን ከእምብርቴ ላይ አሰረችው። ከልጅነቴ ጀምሮ መቀነቴን የምታስረው እሷ ነበረች። አስራ ስትጨርስ ቋጠሮውን በመዳፏ ቸብ ታደርገዋለች። ያኔ ነው መሄድ የሚፈቀድልኝ።

ቸብ አደረገችው። ሄድኩ።

ስንወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ጫፉ ስለሚታይ ኮምፓስ አላስፈለገንም። ምንጯ ዘንድ ስንደርስ ቀትር ሆኗል። ውሃው ከመቀዝቀዙ ጥርስ ያሳምማል። ቀያሹ ስሟን ጠይቀውኝ ጻፉ፤ በሶ በጠበጥን። በሶውን ሳንጨርስ ጉሙ ከበታቻችን ተነስቶ መጣ። ጉና ላይ ጉም ከላይ አይወርድም፣ ከሥር ነው የሚመጣ። መጀመሪያ የበቅሎዋ እግሮች ጠፉ፤ ከዚያ በቅሎዋ ጠፋች። ነጭ ብቻ ሆነ፤ የረጠበ ጓሳ የሚሸት ነጭ።

አልፈራሁም። ካርታው ላይ መንገዱ ቀላል ነበር። ከምንጯ በቀጥታ ወደ ምዕራብ አንድ ሺህ እርምጃ ያህል፤ መስመሮቹ የተራራቁበት ሜዳ። ከዚያ ኮርቻ የመሰለ ዝቅተኛ ቦታ፤ ከኮርቻው የሚወርደው ሸንተረር እስከ ቤታችን ያደርሳል። ከሜዳው በስተሰሜን ግን መስመሮቹ እንደ ጥፍር ጠርዝ ተጣብቀዋል። ገደሉ እሱ ነው። ወደ ምዕራብ ቀጥ ብዬ ከሄድኩ ከእሱ ጋር አልገናኝም።

ኮምፓሷን እምብርቴ ላይ አስደገፍኩ። መርፌዋ አረፈች። ምዕራብን ለይቼ አንድ ጅብራ መረጥኩ። ሄድን። አንድ ቆሎ። ሁለት ቆሎ። ባለ በቅሎው ከኋላዬ ያፏጫል። ቀያሹ እንደ ቃላቸው ምንም አይሉም። ሰባተኛውን ቆሎ ሳዛውር ቀኝ እግሬ ከግራዬ ዝቅ ማለት ጀመረ። ሜዳው ላይ እንዲህ ሊሆን አይገባም ነበር። ሆኖም መርፌዋን አየሁ፤ መርፌዋ ምዕራብ ይሄ ነው አለችኝ። እሷን አመንኩ። ስምንተኛው ቆሎ ላይ በቅሎዋ ቆመች። ባለቤቷ ሳባት፤ እምቢ አለች። ቢመታትም እምቢ አለች።

ዝም ስንል ሰማሁት። የውሃ ድምፅ፣ ከሥራችን፣ በጣም ከሥር።

ቀያሹ አንድ ድንጋይ አንስተው ወደ ፊት ወረወሩ። ድንጋዩ መሬት እስኪነካ ጠበቅን። ቆየ። ከዚያ ከሩቅ፣ ጠብ።

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ ላይ አሳጠረች አለ» አለ ባለ በቅሎው። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር፤ የበቅሎዋን ገመድ ግን ሁለት ጊዜ እጁ ላይ ጠመጠመው። «አሁን እዚሁ እንቀመጥ። ጉሙ ይገለጥ።»

«ጉሙ እስኪገለጥ ይመሻል» አልኩ። ቢመሽ ምን እንደሚሆን ሦስታችንም እናውቃለን። እናቴ ዳግመኛ አትለቀኝም። የባሕር ዳሩም ደብዳቤ አይኖርም። ቀያሹን አየኋቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን አጣምረዋል።

«መሪዋ አንቺ ነሽ» አሉ።

ካርታውን ጓሳው ላይ ዘርግቼ ተንበረከክሁ። እግሬ ያየውን አሰብኩ። በቀኜ የወረደ መሬት፣ ከፊቴ ገደል፣ ከሥሩ ወንዝ። እንዲህ ያለ ቦታ ካርታው ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ከሜዳው በስተሰሜን፣ ክዳኑ ቀጥ ብሎ የሚወርድበት። እንግዲያው ያለነው እዚያ ነን። ወደ ምዕራብ የመጣሁ መስሎኝ ወደ ቀኝ እያዘነበልኩ ነው የመጣሁት። መሬቱና ካርታው ተስማምተዋል። ያልተስማማችው መርፌዋ ብቻ ናት።

ለምን? ማጭዱ በቅሎዋ ላይ ነው። መዶሻውም። ኮምፓሷን ካርታው ላይ አስቀምጬ ጠጋ ብዬ ላያት አጎነበስኩ። መርፌዋ ወደ እኔ ዞረች። ቀና አልኩ፤ ተመለሰች። እንደገና አጎነበስኩ፤ እንደገና መጣች፣ ጥጃ እናቷን እንደምትከተል።

እጄ ወደ እምብርቴ ሄደ።

እንዴት እንደረሳሁት ልጄ ጠየቀችኝ። አልረሳሁትም አልኳት። ቀኑን ሙሉ ክብደቱ ይሰማኝ ነበር። ወስፌዬን በር ላይ የሰካሁት እኔ፣ የሰውየውን ማጭድ የቀማሁት እኔ፣ ያንን ግን ከብረት አልቆጠርኩትም። ለእኔ ብረት አልነበረም። የእናቴ እጅ ነበር።

መቀነቴን መፍታት ጀመርኩ። ባለ በቅሎው አየኝ። «ኧረ ተይ። በዚህ ቦታ፣ በዚህ ጉም ብረት አይፈታም።»

«እንግዲያው አያ፣ አንተ ያዘው። አንተን ይጠብቅህ። ሃያ እርምጃ ከኋላዬ ራቅ ብለህ ተከተለኝ።»

«እኔንማ በቅሎዋ ትበቃኛለች» አለ፤ ግን ተቀበለኝ። ብረቱ ከእጄ ሲወጣ ሆዴ ቀለለኝ፤ ወዲያውም በረደኝ። መርፌዋ የአንድ ጣት ስፋት ዞራ አረፈች። ቀያሹ አንድ ጊዜ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከገደሉ ለመራቅ በመጣንበት ሦስት ቆሎ ያህል ተመለስኩ። ከዚያ የሳትነውን አሰላሁ። ወደ ሰሜን ከሄድን ወደ ደቡብ መመለስ አለብን። ወደ ደቡብ ምዕራብ አቅንቼ ስድስት ቆሎ ቆጠርኩ። ባለ በቅሎው ከጉሙ ውስጥ ያፏጫል፤ ፉጨቱን እየሰማሁ እንዳልጠፋ አውቃለሁ። ስድስተኛውን ቆሎ ሳዛውር መሬቱ ከሁለቱም ወገን ዝቅ አለ። ኮርቻው ነበር። እመኑኝ፣ በሕይወቴ ብዙ ነገር ተሳክቶልኛል፤ ልጅ ወልጃለሁ፣ ቤት ሠርቻለሁ። እግሬ ያን ኮርቻ ሲረግጥ የተሰማኝን ያህል ግን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ጉሙ አልተገለጠም ነበር። ምንም አላየሁም። የት እንዳለሁ ግን አውቅ ነበር።

ቤታችን ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ብቻ ቀልቷል። እናቴ ከገብሱ ማሳ ዳር ቆማ ነበር። ሮጣ አልመጣችም። ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማ ጠበቀችን። መጀመሪያ ፊቴን አየች። ከዚያ እጄን። ከዚያ መቀነቴን። ቋጠሮው የእሷ አለመሆኑን ከሩቅ ነው ያወቀችው።

«ብረቱስ?»

ያኔ ዝም ማለት እችል ነበር። ከበቅሎዋ ጭነት ላይ ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ካርታውን አንብቤያለሁ፣ ስህተቱን ራሴ አግኝቻለሁ፣ ሦስት ሰው ከገደል መልሻለሁ።

«እሱ እኮ ነው ያሳሳተን» አልኳት፣ በሁለቱ ሰዎች ፊት። «መርፌዋን ስቦ ገደል ሊከተን ነበር። ያንቺ ብረት።»

ቀያሹ አንገታቸውን ደፉ። ባለ በቅሎው ቶሎ ብሎ፣ «የለም፣ የለም፣ በቅሎዬን ጠብቆልኛል፤ ገደሉን ያየችው እሷ ናት» አለ። እናቴ እጇን ዘረጋች። ብረቱን ሰጣት። በጨርቁ ጠቀለለችው። «እሺ» አለች። ይህን ብቻ።

ቀያሹ ደብዳቤውን ጻፉልኝ። መሽቶብን መግባታችን ስህተቷን ስታርም የመጣ መዘግየት ነው ብለው ለእናቴ አስረዱ። ለእኔም፣ «መሳሳትማ ሁላችንም እንሳሳታለን፤ ስህተቱን መሬት ላይ ያገኘ ነው ቀያሽ» አሉኝ። ኮምፓሷን ሲሄዱ ትተውልኝ ሄዱ፤ ሌላ አላቸው። እናቴም አልከለከለችኝም። «ሂጂ» አለች። «እኔ መንገድ አላውቅም፤ አንቺ ታውቂያለሽ።» በቁጣ አልነበረም። ያመነችውን ነው የተናገረችው።

በማግሥቱ ጠዋት እንደ ልማዴ መቀነቴን ይዤ ፊቷ ቆምኩ። እሷ ሣር እየመረጠች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ሣሯ ተመለሰች። ራሴ አሰርኩት። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ መቀነቴን አላሰረችልኝም። ሕልምም አየሁ አላለችኝም። ስወጣ ዝናብ አለ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ በዚያ አትሂጂ፣ ያ ሁሉ ቀረ። በደህና ግቢ ትለኛለች፤ እንደ ማንኛዋም ጎረቤት።

ባሕር ዳር አልሄድኩም። ብትከለክለኝ ኖሮ ታግያት እሄድ ነበር። እንዲያ ለቅቃኝ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። ከመኸር በኋላ አልኩ፤ መኸር ሲያልፍ ደግሞ ከጥምቀት በኋላ አልኩ። ከዚያ እሷ ታመመች፤ ከዚያ እኔ አገባሁ። ደብዳቤው የሚሠራበት ጊዜ አለፈ። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ደብረ ታቦር ከገባሁ በኋላ ስለ ቤታችን የውሃ መስመር ለመጠየቅ አንድ ቢሮ ሄጄ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ካርታ አየሁ። ምንጮቹ ሁሉ አሉበት፤ እኔ የነገርኳቸው ስሞች፣ በትንንሽ ሰማያዊ ፊደል። የቢሮው ሰው ምን ፈለግሽ ሲለኝ፣ ሦስተኛዋ ምንጭ ትንሽ ወደ ግራ ናት አልኩት። ሳቀ። እውነቴን ነበር።

እናቴ ከሞተች በኋላ ዕቃዋን ስለይ ብረቱን በጨርቁ እንደተጠቀለለ አገኘሁት፣ ከአለላዋ ሥር። አምጥቼ አስቀመጥኩት። ከኮምፓሷ ጋር ግን በአንድ ሳጥን አኑሬያቸው አላውቅም። ኮምፓሷ መኝታ ቤት ነበረች፤ ብረቱ ማድ ቤት፣ ከመደርደሪያው ላይ።

እዚህ ላይ ለልጄ ያልነገርኳትን ልንገራችሁ። የዚያን ዕለት ዓርብ ጠዋት፣ ክፍል ሳለች፣ ያንን ብረት ከቦርሳዋ ስፌት ውስጥ ከትቼ በክር ሰፍቼው ነበር። እናቴ ያየችውን ዓይነት ሕልም አይቼ አይደለም። ፈርቼ ነው። ኮምፓስ የሚይዙ መሆናቸውንም እያወቅሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ታሪኩን እየነገርኳት ሳለ እጄን ማየት አቃተኝ።

ጨርሼ ዝም ስል ልጄ ቦርሳዋን ጎትታ አመጣች፤ ጣቷ በቀጥታ ስፌቱ ላይ አረፈ።

«ይሄ ነው?»

ለካስ አግኝታዋለች። መቀስ ልታመጣ የተነሳች መስሎኝ፣ «ፍቺው፤ እኔ ራሴ እፈታዋለሁ» አልኳት።

እሷ ግን ቦርሳውን አዘለችው፤ ብረቱ ከጀርባዋ ሆነ። ኮምፓሷን በመዳፏ ይዛ እጇን ወደ ፊት ዘረጋች፣ እስከ መጨረሻው። ወደ መስኮቱ ዞረች፣ ወደ በሩ ዞረች፣ ወደ እኔ ዞረች። በዞረች ቁጥር መርፌዋ ጥቂት ተወዛውዛ ያው ሰሜን ላይ አረፈች።

«አየሽ እማ? እጅን መዘርጋት ብቻ ነው። ሁለቱንም ይዞ መሄድ ይቻላል።»

አየሁ። ይህን ያህል ዘመን አንድ ክንድ ርቀት ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ሚኒባሱ ከበራፍ ቆሞ ጥሩንባውን ነፋ። ልጆቹ በመስኮት እየተጣሩ ይስቃሉ። የቦርሳዋ መታጠቂያ ሆዷ ላይ የሚቆለፍ ነው፤ እሷ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ደጃፉ ላይ ግን ቆመች፤ እጆቿን ከጎኗ ራቅ አድርጋ።

«እማ፣ እሰሪልኝ» አለችኝ።

አሰርኩላት። ጥብቅ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየሁ። ከዚያ በመዳፌ ቸብ አደረግሁት።